ከፋብሪካው በር እስከ አራት ኪሎ፦ የደመወዝ፣ የግብርና የድጋፍ ጥያቄያችን በምክር ቤት እንዲጠየቅ ምን እናድርግ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የወረዳ አዳራሽ የመራጭና ተመራጭ ውይይት ተጠርቶ ነበር። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ዕድሉ ደረሳትና ተነሣች። «ኑሮ ከብዶናል፤ ደመወዛችን ከወር ወር አያደርሰንም፤ መንግሥት ይየን» ብላ ተቀመጠች። ከእሷ በኋላ ስድስት ሰዎች ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ታክሲ ሰልፍ ተናገሩ። የምክር ቤት አባሉ ሁሉንም በማስታወሻቸው ከያዙ በኋላ የእሷን ጥያቄ «የኑሮ ውድነትን በተመለከተ የተነሣው ትክክል ነው፤ መንግሥት በትኩረት እየሠራበት ነው» ብለው አለፉት።

እኔ ከእሷ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀምጬ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ስለነበርሁ በቦርሳዋ ውስጥ ምን እንደያዘች አውቃለሁ። ከደመወዟ ለ26 ወራት የጡረታ መዋጮ ተቆርጧል፤ ወደ ጡረታ ፈንዱ የገባው ግን የ7 ወር ብቻ ነበር። ይህን የሚያሳየው ወረቀት ከእሷ ጋር አዳራሽ ገብቶ ከእሷ ጋር ወጣ። አንድ ሚኒስትር በቀላሉ ሊያልፈው የማይችል ጥያቄ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። ሥልጣኑ አለ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በአባሉ እጅ የሚገባ የተዘጋጀ ጥያቄ ነው። እኛ «ኑሮ ከበደን» ብለን ስንሰጠው እሱም «ኑሮ ከበዳቸው» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም በደፈናው ይመጣል። ከታች የምጽፈው ቁጥርና አንቀጽ ያለው ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅና እስከ ምክር ቤት እንዴት እንደሚደርስ ነው።

አንደኛ፦ ከሁሉ በፊት የይርጋ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ

ይህን ያስቀደምሁት ሰዎች ሲጎዱበት ስላየሁ ነው። የምክር ቤት ጥያቄ የፍርድ ቤት ክስን አይተካም፤ የይርጋውን፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ በሕግ የተወሰነውን ጊዜ፣ ቆጠራም አያቆምም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያለ አግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚጠይቀው በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይታገዳል። «አባላችን ጉዳዩን ይዘውልናል» ብሎ አምስትና ስድስት ወር የጠበቀ ሰው መብቱን በይርጋ አጥቶ ተመልሷል።

ስለዚህ የራሳችሁን ገንዘብ የሚመለከተውን ክስ በጊዜው ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ወይም ወደ አካባቢው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውሰዱ። ለምክር ቤቱ የምታቀርቡት የእናንተ ጉዳይ እንደ ምሳሌ የሚያሳየውን የአሠራር ጉድለት ነው። «አሠሪዬ የትርፍ ሰዓት አልከፈለኝም» የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። «በዚህ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በዓመት ስንት ጊዜ ይገባል? ጥሰት ካገኘስ ምን እርምጃ ወስዷል?» ደግሞ የምክር ቤት ጥያቄ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለተኛ፦ ጥያቄው የማን እንደሆነ ለዩ

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆን መጀመሪያ ድንበሩን እንወቅ። በከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ከመሐል ከተማ ነዋሪ የተለየ ችግር አለብን፤ ብዙዎቻችን የምናድርበትና የምንሠራበት አስተዳደር የተለያየ ነው። አቃቂ አድሮ ገላን የሚሠራ፣ አያት አድሮ ለገጣፎ የሚውል ሰው በቀን ሁለቴ ድንበር ይሻገራል። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በእሱ ሥር ተጠቃለዋል፤ እነዚህ በኦሮሚያ ክልል ናቸው። አቃቂ ቃሊቲ፣ ለሚ ኩራ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የአዲስ አበባ ናቸው።

የምትመርጡት በምትኖሩበት ቦታ ነው። አሠሪያችሁን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ግን ፋብሪካው ባለበት ያለው ነው። ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ግብርም፣ ድርጅቱ በክልል ውስጥ ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ለክልሉ የሚገባ ነው። ስለዚህ ገላን የምትሠራ የአቃቂ ነዋሪ አንዱን ጥያቄ ለሁለት ወገን ልታቀርብ ትችላለች፤ ሕጉን የሚመለከተውን በአዲስ አበባ ለተመረጡት የሕዝብ ተወካይ፣ የቁጥጥሩን ድክመት ደግሞ በኦሮሚያ በኩል ላለው ቢሮና ለክልሉ ምክር ቤት ለጨፌ ኦሮሚያ።

በአጭሩ እንዲህ ነው። የሴፍቲኔት (ለድሃ ነዋሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ) ተጠቃሚ ምልመላ፣ የመታወቂያና የወረዳ አገልግሎት ጥያቄ በወረዳና በክፍለ ከተማ ይጀምራል፤ ካልተፈታ ወደ አዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ይሄዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ፣ የፌዴራል በጀትና የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይህን ሳትለዩ ብትሄዱ የሚጠብቃችሁ መልስ አንድ ነው፤ «ይህ እኛን አይመለከትም»።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን ሰብስቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ጥሩ ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ነው።

በብዙ ፋብሪካዎች የደመወዝ ቀን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሠራተኛው በመስኮቱ ፊት ይሰለፋል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከስሙ በላይና በታች ያለውን በማስመሪያ ሸፍና በፔይሮሉ፣ በደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ላይ ታስፈርመዋለች፤ ሰውየው የተጣራውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይሄዳል። በባንክ የሚከፈለውም ስልኩ ላይ የሚደርሰው መልእክት የተጣራውን ብቻ ይነግረዋል። በመካከል ያሉት አምዶች፣ ማለትም ጠቅላላ ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታና ልዩ ልዩ ተቀናሽ፣ ሳይታዩ ያልፋሉ። የምንፈልገው እነዚያን ነው። ዝርዝሩን የሚያሳይ የክፍያ ወረቀት በጽሑፍ ጠይቁ። ካልሰጧችሁ የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ቅጂ ከቀኑ ጋር ያዙ፤ መከልከሉም ማስረጃ ነው።

አሁን አንድ ደመወዝ አብረን እናስላ። ጠቅላላ ደመወዟ 4,500 ብር የሆነች ሠራተኛን እንውሰድ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ነው፤ ይህ 300 ብር ይሆናል። ከ4,000 በላይ ያለው 500 ብር 20 በመቶ ነው፤ ይህ 100 ብር ነው። ግብሩ 400 ብር። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ ስለሆነ 315 ብር። እጇ የሚገባው 3,785 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 495 ብር መጨመር አለበት፤ በየወሩ ወደ ጡረታ ፈንዱ በስሟ መግባት ያለበት 810 ብር ነው።

በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ስሌት ይህች ሠራተኛ የምትከፍለው ግብር 597 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ማሻሻያው 197 ብር ከ50 ሳንቲም ቀንሶላታል። ይህን በጥያቄያችሁ ውስጥ ጻፉት፤ አትደብቁት። የተሻሻለውን አምኖ የሚጠይቅ ሰው ይሰማል፤ የካደውን ግን ሚኒስትሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሰናብተዋል። ካመናችሁ በኋላ ቀጥሉ፤ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ የመጀመሪያው የግብር ምጣኔ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። 2,000 ብር በከተማው ዳር የአንዲት ክፍል ኪራይ እንኳ ለመሸፈን ይበቃል ወይ? የኪራይ ውላችሁ ወይም የምትከፍሉበት የባንክ ማስተላለፊያ እዚህ ጋ ይገባል።

የትርፍ ሰዓቱንም አስሉት። አዋጅ 1156 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በአንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የወሩ ሥራ 208 ሰዓት ተብሎ ቢሰላ የዚህች ሠራተኛ አንድ ሰዓት 21 ብር ከ63 ሳንቲም ነው፤ በቀን የሠራችው አንድ ትርፍ ሰዓት 32 ብር ከ45 ሳንቲም ሊከፈላት ይገባል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓታችሁን በየቀኑ በትንሽ ደብተር መዝግቡ። የእኛ ማኅበር አባላት ይህን ለሦስት ወር አድርገው ደብተሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሁሉም ትርፍ ሰዓት በአንድ ዓይነት መንገድ እየተሸረፈ መሆኑ ታየ። አንድ ደብተር ቅሬታ ነው፤ አሥራ አራት ደብተር አሠራር ነው።

የጡረታውን ነገር በተለይ አደራ እላችኋለሁ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሂዱና በስማችሁ የገባውን መዋጮ አረጋግጡ። ከደመወዛችሁ ከተቆረጠው ጋር ወር በወር አስተያዩት። ከደመወዝ ተቆርጦ ለፈንዱ ያልገባ ገንዘብ የሠራተኛው እርጅና ነው። በዓይን ስለማይታይ ሰው ቶሎ አይቆጣበትም፤ የሚታወቀው ስልሳ ዓመት ሲሞላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ተዘግቶ ወይም ተሸጦ ሊሆን ይችላል።

የድጋፍ ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዓይነት ወረቀት ያስፈልጋችኋል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች በዓለም ባንክ ድጋፍ ተጀምሮ መሥራት ለሚችሉት የአካባቢ ሥራ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። በዳር ሰፈሮች የማየው ትልቁ እንቅፋት መታወቂያ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር፣ የነዋሪነት መታወቂያ ያላወጣ ሰው ድሃ መሆኑን ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ በመዝገብ ላይ የለም። ማመልከቻ ካስገባችሁ መዝገብ ቤቱ የሚሰጠውን የገቢ ቁጥር ያዙ፤ በቃል «ኮታው ሞልቷል» ከተባላችሁ ይኸው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ጥያቄያችሁ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ብትፈልጉ፣ ለምሳሌ ባለፈው ዓመት በአካባቢያችሁ ስንት ፋብሪካ እንደተፈተሸ፣ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ቢሰጣችሁ ቁጥር አገኛችሁ፤ ባይሰጣችሁ ለአባሉ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አገኛችሁ።

አራተኛ፦ በአንድ ገጽ ጻፉት

የምክር ቤት አባል ብዙ ወረቀት ይደርሰዋል። አራት ገጽ የሞላ ምሬት፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ከጠረጴዛ አይነሣም። አንድ ገጽ፣ ሦስት ክፍል ይኑረው፤ የሆነው ነገር፣ ሕጉ የሚለው፣ ከዚያ ጥያቄው። እኛ የጻፍነው ከዚህ ጋር ይመሳሰል ነበር፦

«ለክቡር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል፣

ጉዳዩ፦ ከደመወዝ ተቆርጦ ለጡረታ ፈንድ ገቢ ስላልተደረገ መዋጮ።

በአንድ ፋብሪካ የምንሠራ 14 ሠራተኞች የክፍያ ሰነዳችንን በጡረታ አስተዳደሩ ካለው መዝገብ ጋር አስተያይተን ከእያንዳንዳችን ደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ የበርካታ ወራት መዋጮ አግኝተናል። ዝርዝሩ በአባሪ ተያይዟል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው የሠራተኛውን መዋጮ ቀንሶ ከራሱ ድርሻ ጋር ለፈንዱ ገቢ እንዲያደርግ ያስገድዳል።

ስለዚህ የሚመለከተው የመንግሥት አካል የሚከተሉትን እንዲጠየቅልን እናመለክታለን። በአቃቂ ቃሊቲና አካባቢው ቀንሰው ገቢ ያላደረጉ ድርጅቶች ስንት ናቸው? ያልገባው ገንዘብ መጠን ስንት ነው? ገንዘቡን ለማስከፈል የተወሰደው እርምጃ ምንድን ነው? ሠራተኛው የመዋጮውን መግባት በየወሩ የሚያውቅበት ሥርዓት መቼ ይዘረጋል?»

ጥያቄዎቹን ልብ በሉ። «ስንት»፣ «ምን እርምጃ»፣ «መቼ» ይላሉ። «ለምን አይታሰብበትም» ወይም «ትኩረት ቢሰጠው» አይሉም። በአገራችን የምክር ቤት ልማድ አባላት በየተራ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ መልስ ሰጪው ሁሉንም አጠቃልሎ ይመልሳል። በዚህ አካሄድ የላላ ጥያቄ ከሌላው ጋር ተጨምቆ ይጠፋል። «ስንት ድርጅት?» የሚለው ግን አይጨመቅም፤ ወይ ቁጥር ይነገራል፣ ወይ ቁጥሩ አለመነገሩ ለሁሉም ይታያል።

ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ የምትይዙት አንቀጽ 55 ነው፤ በዚህ ጊዜ የሕገ መንግሥቱን ሳይሆን የአዋጅ 1156ን። የመንግሥትን፣ የአሠሪዎችንና የሠራተኞችን ወኪሎች የሚያካትት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር፣ ቦርዱም የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን በየጊዜው እንደሚያጠና ይኸው አንቀጽ ይናገራል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በአገር ደረጃ የተወሰነ ወለል ሳይኖር ዓመታት አልፈዋል። ለመንግሥት ሠራተኛ ግን ዝቅተኛው ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። እኔ ለመንግሥት ሠራተኛው በተጨመረው ደስ ይለኛል፤ ጎረቤቴ ነው። ጥያቄው በዚያው ገበያ ጤፍ የምትሸምተው የፋብሪካ ሠራተኛ ወለሏ የት አለ የሚል ነው። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለዓመታት ስለተከራከረ፣ ማኅበር ካላችሁ በፌዴሬሽናችሁ በኩል ጥያቄያችሁን ከእነሱ ጋር አቀናጁ። ማኅበር ከሌላችሁ በአንድ ድርጅት ውስጥ 10 ሠራተኞች ማቋቋም እንደሚችሉ አትርሱ።

አምስተኛ፦ ለማን ትሰጡታላችሁ?

መጀመሪያ ለምርጫ ክልላችሁ ተወካይ። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት፤ የምርጫ ክልላችሁን ቁጥር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ተወካያችሁን በስም እወቁ። ደብዳቤውን አራት ኪሎ በሚገኘው ምክር ቤት መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳታስደርጉ አትውጡ።

ተወካያችሁን ማግኘት ካልቻላችሁ አትቁሙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ የሌላ ምርጫ ክልል አባል ጥያቄያችሁን ቢያነሣ ከሥልጣኑ አልወጣም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚሻለው ጉዳዩን የሚከታተለውን ቋሚ ኮሚቴ ማግኘት ነው። ስማቸው በየምክር ቤቱ ዘመን ሊከለስ ይችላል፤ የሥራ ክፍፍላቸው ግን ይታወቃል። የሠራተኛን ጉዳይ የሰው ሀብት ልማትና ሥራ ስምሪትን የሚከታተለው፣ የግብርን ጉዳይ የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ኮሚቴው፣ የድጋፍን ጉዳይ ሴቶችንና ማኅበራዊ ጉዳይን የሚመለከተው ኮሚቴ ይይዘዋል። ቋሚ ኮሚቴዎች የመሥሪያ ቤቶችን ዕቅድና ሪፖርት ይመረምራሉ፤ የመስክ ምልከታም ይወጣሉ። ወደ አካባቢያችሁ እንዲመጡ ጋብዟቸው። ሲመጡ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ብቻ እንዳይመለሱ የፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓትን በደብዳቤው ጻፉላቸው፤ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ለቆመ ሰው የሚታየው በሪፖርት የማይገባ ነው።

አባሉ ቢያመነታ አትፍረዱበት፤ ይልቁንም አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 5ን በአክብሮት አስታውሱት። በምክር ቤቱ ስብሰባ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ ምክንያት አይከሰስም። የገዥው ፓርቲ አባል ስለሆነ አይጠይቅም ብላችሁም ቤት አትቅሩ። በደንብ የተሰናዳ ወረቀት ሲደርሳቸው የጠየቁ የገዥው ፓርቲ አባላት አይቻለሁ፤ ባዶ እጃቸውን ስለነበሩ ዝም ያሉም አይቻለሁ።

ስድስተኛ፦ ቀኑን እወቁ

ምክር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን እስከ ሰኔ 30 ይቆያል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። የዓመቱ መክፈቻ በፕሬዚዳንቱ ንግግር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው የአባላትን ጥያቄ ይመልሳሉ። ለዚያ መድረክ የምትፈልጉት ጥያቄ በመስከረም አጋማሽ አባሉ እጅ መግባት አለበት። የመሥሪያ ቤቶች የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር ሪፖርት ለመጠየቅ የተሻለ አጋጣሚ ነው፤ ሚኒስትሩ ስለ ራሱ ሥራ ብቻ ስለሚጠየቅ ማምለጫው ጠባብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የገንዘብ ጥያቄ፣ በተለይ የሴፍቲኔትና የተቆጣጣሪ ቅጥር፣ ረቂቅ በጀቱ ሳይጸድቅ በግንቦት ይድረስ። ረቂቅ አዋጅ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ደግሞ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት መድረክ ሊጠራ ይችላል፤ ማስታወቂያውን በሬዲዮና በጋዜጣ ተከታተሉ፤ አስተያየታችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ።

አባላት ወደ መራጩ የሚመጡት በዕረፍታቸው ነው። ያ ቀን ሲታወቅ ወረቀታችሁ ዝግጁ ይሁን።

ሰባተኛ፦ በአዳራሹ ውስጥ

በጊዜ ግቡ፤ ከፊት ተቀመጡ። መድረክ መሪው ሦስት አራት ሰው እያከታተለ ዕድል ስለሚሰጥ የእናንተ ተራ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። «ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ፤ በመጀመሪያ ይህን መድረክ ያዘጋጁትን» እያላችሁ ደቂቃዋን አትጨርሱ። አክብሮታችሁን በአንድ ቃል ግለጹና ቁጥሩን አስቀድሙ፤ «ከደመወዜ ለ26 ወር ጡረታ ተቆርጧል፤ የገባው የ7 ወር ነው። ቀሪው የ19 ወር የት ነው? ወረቀቱ እነሆ፤ አንድ ቅጂ ለእርስዎ አዘጋጅቻለሁ» በሉ። ቅጂውን በእጃቸው ስጡ። ሦስት ሆናችሁ ከገባችሁ ተከፋፈሉት፤ አንዱ የሆነውን፣ ሁለተኛው ሕጉን፣ ሦስተኛው ጥያቄውን ይናገር። አንዱ ዕድል ቢያጣ ሌላው ይሞላዋል።

ስምንተኛ፦ ሰዎቻችሁን ጠብቁ

በዚህ ላይ የዋህ አትሁኑ። አዋጅ 1156 የማኅበር አባልነት ወይም በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ሥራ ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ የክፍል ኃላፊው ፊት በነጋታው ጠዋት ሌላ ነው። በኮንትራት የሚሠሩና በሙከራ ጊዜ ላይ ያሉ ሠራተኞች ስማቸው በፊርማ ዝርዝር ላይ አይውጣ። በአባሪው ላይ «ሠራተኛ ሀ»፣ «ሠራተኛ ለ» እያላችሁ ጻፉ፤ እውነተኛውን ስም የያዘውን ዝርዝር ማኅበሩ ይያዘው፤ አባሉ ከፈለጉ ፊት ለፊት ያሳያቸው። በመድረክ የሚናገረው በተቻለ መጠን የማኅበር ተመራጭ ወይም ከፋብሪካው የወጣ ሰው ይሁን። የክፍያ ወረቀት ፎቶግራፍ በስልክ ስትለዋወጡ ስምና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሸፍኑ።

ዘጠነኛ፦ ከመልሱ በኋላ

ጥያቄው ሲጠየቅ ቀኑንና የጠየቀውን አባል መዝግቡ። መልሱን ቃል በቃል ጻፉ፤ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ቅጂ ካለ አስቀምጡ። ከዚያ መልሱን ከጥያቄያችሁ ጎን አስቀምጡና የትኛው እንደተመለሰ፣ የትኛው እንደታለፈ ምልክት አድርጉ። ሚኒስትሩ «በሦስት ወር ውስጥ እናስተካክላለን» ካሉ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው የገቢ ቁጥር ተጠቅሶ፣ የተሰጠው ቃል ተጠቅሶ፣ አሁን ያለው ሁኔታ ተጠቅሶ። ብዙ ጥያቄ የሚሞተው የመጀመሪያው መልስ በተሰጠ ማግሥት ነው፤ ጠያቂው ተመልሶ ስለማይመጣ።

በዚህ መካከል የአስተዳደር በደል ካለ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ አቤት ማለት ትችላላችሁ። አቤቱታ የማቅረብ መብታችሁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጠበቀ ነው፤ አንዱን በር ማንኳኳት ሌላውን አይዘጋም።

ያቺ የልብስ ስፌት ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ውይይት ላይ እንደገና ተነሥታለች። ከላይ የጻፍሁትን አንድ ደቂቃ የተናገረችው እሷ ናት። አባሉ ቅጂውን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ «የ19 ወር ነው ያልሽው?» ብለው ጠየቋት፤ ቁጥሩን በማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ። ጉዳዩ ለቋሚ ኮሚቴ ደረሰ፤ ከወራት በኋላ ፋብሪካው ውዝፉን በየወሩ ከፋፍሎ ማስገባት ጀመረ። ስምምነቱ ለ10 ወር ነበር፤ በአምስተኛው ወር ክፍያው ተቋረጠ። ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፍነው በዚያው ሳምንት ነው።